ሁለተኛ የማይጠየቅበት አገር

ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ኋላ መሐል ላይ ስትደርሱ ነቅታችሁብኝ ከምትታዘቡኝ አሁኑኑ ብትታዘቡኝ ይሻለኛል። ፈሪ ስላችሁ ግን ጅብ እፈራለሁ፣ ጨለማ እፈራለሁ ማለቴ አይደለም። ጅብ እስከ ደጃፉ በሚመጣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ብቻዬን እያደርኩ ዓመታት አሳልፌአለሁ። እኔ የምፈራው ወንበር ነው። አንድ ሰው ከጠረጴዛ ወዲያ ማዶ ሆኖ «ተቀመጥ» የሚለኝን፣ ከጠረጴዛው ወዲህ ያለውን ወንበር። እሱን ሳይ የማውቀው ዕብራይስጥ እንዳለ ብን ብሎ ይጠፋል።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ጎንደር ሳለሁ፣ ከአዘዞ ወዲያ ባለ ትምህርት ቤት ሒሳብና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ያን ጊዜ ሰው ነበር እኔን የሚፈራ። ገና ከሩቅ ስስል ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ በሩን ስገፋ ዘጠና ልጅ ባንድ ላይ ብድግ ይላል። «ተቀመጡ» ካላልኩ የሚቀመጥ የለም። አንዳንዴ ሐሳብ ይዞኝ «ተቀመጡ» ማለቱን እረሳና፣ ሰሌዳው ላይ የምድር ወገብን አስምሬ ስዞር ልጆቹን እንደቆሙ አገኛቸዋለሁ።

ኢየሩሳሌም ስመጣ ይህ ሁሉ አብሮኝ አልመጣም። መጀመሪያ ጽዳት ሠራሁ፤ ቀጥሎ ኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው ጎዳና ብዙም በማይርቅ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ ጥበቃ ሆኜ ለዓመታት ቆምኩ። ልጄ ሺራ የተወለደችው እዚህ ነው። ትምህርት ቤት «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት «ቦርሳ ያያል» ትል ነበር። እውነቷን ነው፣ ቦርሳ ነበር የማየው። አንድ ቀን ከጎንደር ያመጣሁትን ፎቶ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የተነሣሁትን፣ አወጣሁና አሳየኋት። ትክ ብላ አየችና «ይሄ ማነው?» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ሱፐሩ ተዘጋ፤ እኔም ቂርያት መናሔም ሰፈር ካለው ቤታችን መዋል ጀመርኩ። ባለቤቴ ውባለም አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ የሚበላ አላጣንም። እኔ ያጣሁት ሌላ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁን አንድ ክፍል ገብቼ ልጆች ፊት ካልቆምኩ፣ አስተማሪ መሆኔን የሚያውቅ አንድም ሰው ሳይኖር እዚያው ሶፋ ላይ አረጃለሁ። ይህን ሳስብ ደግሞ ከወንበሩም የባሰ እፈራለሁ። እንግዲህ ሁለቱ ፍርሃቶች ውስጤ ሲታገሉ ነው ጣጣው ሁሉ የመጣው።

«አባ፣» አለችኝ ሺራ አንድ ቀን ዐይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፣ «ትምህርት ቤቶች ሰያዕ ይፈልጋሉ።»

ሰያዕ የሚሉት የአስተማሪ ረዳቱን ነው። የሚያለቅሰውን ልጅ ያባብላል፣ እርሳስ ይቀርጻል፣ አልቀመጥም ያለውን ያስቀምጣል።

«አንተ ሞሬ ነበርክ አይደል?» አለችኝ ደግሞ። ሞሬ ማለት አስተማሪ ነው። «ነበርክ» የምትለዋ ቃል ወጋችኝ።

ሺራ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን የሕይወት ታሪኬን ጻፈችልኝ። ስታነብልኝ ላብ አጠመቀኝ። «ቆራጥ፣ የመሪነት ተሰጥኦ ያለው፣ ከሰው ጋር ተግባቢ» ይላል።

«ይህን ማን ጻፈው ቢሉኝስ?»

«አንተ ነህ የጻፍከው።»

«እኔ ስለ ራሴ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

«አባ፣ እዚህ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጽፈው።»

ስትወጣ ጠብቄ «ቆራጥ» የሚለውን አጠፋሁ። «የመሪነት ተሰጥኦ» የሚለውንም አጠፋሁ። «ተግባቢ» የሚለውን ልተወው አልኩና፣ በመኪና ማቆሚያ የተነሣ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጋር ከፋሲካ ጀምሮ እንደማንነጋገር ትዝ አለኝ። እሱንም አጠፋሁ። በመጨረሻ የቀረው ስሜና አድራሻዬ ነበር፤ እሱ እንኳ ትንሽ በዛብኝ።

መጀመሪያ የጠራኝ ጊሎ ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ያነጋገረችኝ ሴት «ስለ ራስህ ንገረኝ» አለችኝ። ሰው ስለ ራሱ ተናገር ሲባል ከየት ነው የሚጀምረው? ከአባቱ ነዋ። አባቴ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አያቴ ከየትኛው መንደር እንደመጣ፣ የአያቴ ወንድም ምን ዓይነት ብረት ቀጥቃጭ እንደነበር በዝርዝር አስረዳሁ። ሴትየዋ ሰዓቷን ስታይ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

«ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?» አለችኝ አቋርጣ።

«እሱን ሌላ ሰው ነው የሚናገረው» አልኳት፣ ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ። ታዲያ አላውቃት፣ አታውቀኝ፣ ዐይን ዐይኗን አይቼ ባለጌ ልባል?

«ከልጆች ጋር መሥራት ትወዳለህ?»

እዚህ ላይ ልቤ ሞላ። ከልቤም ስለሆነ እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ መለስኩላት። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ «አዎ» ማለት ነው፣ ያውም የጠበቀ አዎ። ሴትየዋ ግን ክው አለች። «ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነኝ ለማለት እንደገና ሳብ አደረግሁ። ብድግ ብላ ውሃ አመጣችልኝ። «አስም አለብህ?» ብላ መስኮቱን ከፈተች። «አምቡላንስ ልጥራ?» ስትል የምር ትንፋሽ አጠረኝ። በማግስቱ ለሺራ ደውለው፣ ሥራው ለጊዜው እንደተያዘና አባቷን ሐኪም ቢያየው መልካም እንደሆነ ነገሯት።

ከዚያ በኋላ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኟ ሺራ ናት። ዐይን ዐይናቸውን እይ፤ አዎ ስትል ከአፍህ ድምፅ ይውጣ፤ ስትጠየቅ ራስህን አመስግን። ዐይን ማየቱን በውባለም ላይ ልለማመድ ብዬ ራት ላይ ትክ ብዬ አፈጠጥኩባት። መጀመሪያ ጸጉሯን ነካካች፣ ቀጥላ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በመጨረሻ «ምን በደልኩህ?» ብላ ሰሐኗን ይዛ ተነሣች። ራስን ማመስገኑን ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ቧንቧውን ከፍቼ ነበር የምለማመደው። «እኔ ጎበዝ አስተማሪ ነኝ» ለማለት እነሣና «ጎበዝ» ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ራሱ ያፍርብኛል።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት የጠራኝ በዚህ መሐል ነው። ቦታው መሐል ከተማ፣ ድሮ ከቆምኩበት ሱፐር በእግር የሚደረስ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ጠዋት ለሺራ ሠርግ ብዬ ያስቀመጥኩትን ሙሉ ልብስ ለበስኩ፤ ሺራ ገና እጮኛ እንኳ የላትም። ከነክራባቴ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ግቢው በር ላይ ቦርሳዬን የፈተሸኝ ጥበቃ የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ በአክብሮት እጅ ነሣሁት። ግቢው ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ጨዋታቸውን አቁመው ከበቡኝና አንደኛው «ሰው ሞቷል?» አለኝ።

ደረጃው ላይ አንዲት ጂንስ የለበሰች ሴት ፖም ትገምጣለች። የአንዱ ልጅ እኅት ትሆናለች ብዬ አለፍኳት። ውስጥ ስገባ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ግርማ ሞገስ ያለው ሰው ቆሞ አገኘሁ። ዳይሬክተር ማለት እንዲህ ነው አልኩና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኩት፤ ወረቀቴንም ሰጠሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠውና «ስንት ኮፒ ይነሣ?» አለኝ። የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነው። ከኋላዬ ፖም ስትገምጥ የነበረችው ሴት መጥታ «እኔን ነው የምትፈልገው» አለች።

ቢሮዋ ገባን። ወንበሩ አለ። ተቀመጥኩ።

«ሻይ ትጠጣለህ?» አለችኝ።

ጉሮሮዬ ደርቆ ምራቅ መዋጥ አቅቶኝ ነበር። ለሻይ ነፍሴን እሰጥ ነበር።

«አይ፣ ደህና ነኝ። አትቸገሪ» አልኩ።

«እሺ» አለችና ለራሷ ብቻ ቀዳች።

እሺ? በቃ እሺ? እኔ እኮ «አይ» ያልኩት ለሰላምታ ያህል ነው። አንቺ «ኧረ በሞቴ» ትያለሽ፣ እኔ «ኧረ ተይ» እላለሁ፣ አንቺ «እንዲያው ፉት በላት» ትያለሽ፣ እኔም ተገድጄ እጠጣለሁ። ሰው እንዲህ ነው ሻይ የሚጠጣው። ሴትየዋ ግን ዐይኔ እያየ ፉት እያለች ወሬዋን ቀጠለች። በዚህ ነገር መንቃት ነበረብኝ፤ ጥም ስለያዘኝ ማሰብ አልቻልኩም።

የቀረው ግን በደህና ሄደ። ዐይኗን አየሁ፤ እንዲያውም አብዝቼው መሰለኝ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። «አዎ» ስል ድምፅ አወጣሁ። ስንት ዓመት እንዳስተማርኩ፣ ስንት ልጅ ባንድ ክፍል እንደነበረኝ ጠየቀች፤ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ደስ ብለኸኛል» አለችኝ። «አንደኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ስትፈራ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ ሰው ሊያስወጣት አልቻለም። ረጋ ያለ ሰው ነው የምፈልገው። ሥራውን ትፈልገዋለህ?»

ጋዋኑ ታየኝ፣ ሰሌዳው ታየኝ። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣውን ስሙት።

«ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ» አልኩ። «ዕብራይስጤም ደካማ ነው። ከእኔ የተሻለ ወጣት አታጪም።»

እንዲህ ብዬ ዐይኔን ሰበር አድርጌ ልመናውን መጠበቅ ጀመርኩ። ቀና ስል ዳይሬክተሯ በአክብሮት ታየኛለች።

«ስለ ሐቀኝነትህ አመሰግንሃለሁ» አለች። «እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።» ተነሣች፣ እጄን ጨበጠች፣ በሩንም ከፈተችልኝ።

ወጣሁ። አወጣጤ ግን «ኧረ ተመለስ» እንደሚባል እንግዳ ነበር፤ ቀስ እያልኩ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ዘወር እያልኩ። ደረጃው ላይ ቆሜ ያልተፈታ የጫማ ክር ፈትቼ አሰርኩ። ግቢው መሐል ደርሼ ስለ አየሩ ጠባይ ያሰብኩ መስዬ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። የሚጠራኝ የለም። በሩ ላይ ጥበቃው «ደህና ዋል» ሲለኝ ነው ሥራው ከእጄ መውጣቱ የገባኝ። ቤት ገብቼ ለሺራ ምን እላታለሁ? ሥራ ሰጥተውኝ እንቢ አልኩ?

እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ታጠፈ። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት አሉ። ሱፐሩ በር ላይ በቆምኩባቸው ዓመታት ዕቃቸውን አግዛቸው ነበር፤ እሳቸውም ወጥተው ሲገቡ ይመርቁኝ ነበር። እዚያ ግቢ መግባት ግን ለእኔ ሌላ ፍርሃት ነው። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ ራሴ ላይ የአይሁድ ቆብ፣ ኪፓ፣ አለ። አንድ የቂርያት መናሔም ሰው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ስወጣ ቢያየኝ ከእኔ በፊት ወሬው ቤት ይደርሳል። ግራ ቀኝ አየሁና ሹልክ ብዬ ገባሁ። አግዳሚው ላይ ከመቀመጤ አንዲት ቱሪስት በምልክት ፎቶ ላንሣህ አለችኝ፤ እንቢ ማለት አፍሬ ዝም አልኩ፣ አነሣችኝ። እስካሁን ያ ፎቶ የት እንደሚዞር እያሰብኩ ደንግጬ የምነቃበት ጊዜ አለ።

እማሆይ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ መጡ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ? ሰው ሞተብህ?» አሉኝ ልብሴን አይተው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ከእኔ የተሻለ አታጪም አልካት?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

«እሷስ?»

«አመሰግናለሁ አለችኝ።»

«አልለመነችህም?»

«አልለመነችኝም።»

«አንዴም?»

«አንዴም።»

እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉት። «በስመ አብ። ምን ያለች ሴት ናት?» አሉ። እኔም «ሻይም እንዲሁ ነው ያደረገችኝ» አልኩ። ሁለታችን ተቀምጠን ያችን ምስኪን ዳይሬክተር እያነሣን ጣልናት። አስተዳደጓን ተጠራጠርን። እናቷንም ትንሽ ነካናት። እንዲያ ስናማት ልቤ ቀለል አለኝ።

ቆይተው ግን እማሆይ «ለመሆኑ ሥራውን ትፈልገው ነበር?» አሉኝ።

«እንዲያው ብቻ… ማለቴ… ቢሆን አይከፋም ነበር።»

«ትፈልገው ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «ይህን እፈልጋለሁ» ብዬ ሰው ፊት ተናግሬ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ውባለምን እንኳ ያጩልኝ ዘመዶቼ ናቸው፤ እኔ ሲጠይቁኝ «እናንተ እንዳላችሁ» ነው ያልኩት። ወድጃት እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

«እኔ መጀመሪያ ስመጣ አንዲት የዚህ አገር ባልቴት እየሄድኩ እረዳ ነበር» አሉ እማሆይ። «ምሳ በልተሻል ሲሉኝ በልቻለሁ እላለሁ። እሳቸውም እውነት መስሏቸው ማዕዱን ያነሣሉ። በረሃብ ልሞት ደረስኩ። ኋላ አንድ ቀን ጨነቀኝና አልበላሁም አልኳቸው። ሴትየዋ አለቀሱ። ክፉ ሰዎች አይደሉም ልጄ፤ የነገርካቸውን ያምኑሃል። ተነሥና ሂድ።»

«አሁን?»

«ሌላ ሰው ሳይቀመጥበት።»

መንገዱን እንዴት እንደተመለስኩት አላውቅም። ጥበቃው ሲያየኝ «ረስተህ ነው?» አለ።

«አዎ።»

«ምን?»

ጥያቄውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ለዓመታት ሰው ስጠይቅበት የኖርኩት ነው። መልሱን ግን ተዘጋጅቼበት አልነበረም። «ሥራውን» አልኩት። ቦርሳዬን ከፍቶ ውስጡን በደንብ አየና አሳለፈኝ።

ቢሮው በር ላይ ስደርስ ዳይሬክተሯ ፊት፣ እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ፣ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ረጋ ያለች፣ ፈገግ ያለች። አለቀልኝ አልኩ። ለመመለስ አንድ እግሬን አነሣሁ። ዳይሬክተሯ አየችኝ።

«የረሳኸው አለ?»

«እፈልጋለሁ» አልኩ። ድምፄ ከአፌ ሳይሆን ከጉልበቴ የወጣ ይመስል ይንቀጠቀጣል።

«ምን?»

«ሥራውን። እፈልገዋለሁ።»

«አልችልም አልከኝ እኮ።»

«እችላለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልችልም አልከኝ?»

«እኛ ዘንድ መጀመሪያ እንደዚያ ይባላል» አልኳት። «ከዚያ አንቺ ትለምኛለሽ። እኔ እንቢ እላለሁ። አሁንም ትለምኛለሽ። ከዚያ በግድ እሺ እላለሁ።»

ዳይሬክተሯ አፏን ከፍታ ቀረች። ዝም ካልኩ ፍርሃቱ መልሶ እንደሚይዘኝ ስላወቅሁ ዐይኔን ጨፍኜ ቀጠልኩ። መታጠቢያ ቤት የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶኛል፤ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«አስተማሪ ነኝ። ዘጠና ልጅ ባንድ ክፍል አስተምሬአለሁ። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ቁርስ ያልበላውን፣ ቤት የተመታውን፣ የቤት ሥራ ያልሠራውን ሲገባ ባየሁት ጊዜ እለየዋለሁ። ልጆች ይወዱኝ ነበር፣ ይፈሩኝም ነበር። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ግን የምፈራው እኔ ነኝ። አንቺን እፈራለሁ። ቋንቋውን እፈራለሁ። ልጆቹንም ሳላያቸው ፈርቻቸዋለሁ። ጠረጴዛ ሥር የምትገባዋን ልጅ አንድ ነገሯን አውቅላታለሁ፤ ፍርሃቷን። ጎበዝ ነኝ። ሥራውን እፈልገዋለሁ።»

ዐይኔን ስገልጥ ወንበሩ ላይ ያለችው ወጣት እንባ አቅርራ ታየኛለች። ኀዘኔታ ያዘኝና «ይቅርታ፣ ያንቺን ሥራ ልወስድብሽ አይደለም» አልኳት።

«እኔ ልጄን ላስመዘግብ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዳይሬክተሯ ግን አልሳቀችም።

«እሁድ ና» አለች። «አንድ ቀን እንይህና እንወስናለን። ሻይ?»

«አዎ» አልኩ፣ ጥያቄውን ሳትጨርስ። ያቀረበችልኝን ትኩስ ሻይ እንደ ውሃ ስለጨለጥኩት እስከ ቅዳሜ ድረስ ምግብ አልጣመኝም።

እሁድ ጠዋት፣ እዚህ አገር የሳምንቱ ትምህርት በሚጀመርበት ቀን፣ ሙሉ ልብሱን ትቼ በሹራብ ሄድኩ። አንደኛ ክፍል በር ላይ ስደርስ እጄ እጀታው ላይ ደርቆ ቀረ። እንደምንም ገፋሁት። ገባሁና ቆምኩ፤ ልጆቹ እስኪነሡ እየጠበቅሁ። ማንም አልተነሣም። አንዱ ወንበሩ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፣ አንዷ ሙዝ ትበላለች፣ ሁለቱ በማስመሪያ ይዋጋሉ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ያ ሁሉ ዐይን ባንድ ጊዜ ሲያርፍብኝ ወደ አውቶቡሱ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። አስተማሪዋ የሺራ እኩያ ትሆናለች። «ይሄ አዲሱ ሰያዕ ነው» አለችና ወደ ማዕዘኑ ጠረጴዛ በዐይኗ ጠቆመችኝ።

ጠረጴዛው ሥር ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ይታያሉ። ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ላይ ስል ወገቤ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ኖጋ ትባላለች። ጉልበቷን አቅፋ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። የማውቀው ዕብራይስጥ ሁሉ ጠፋብኝ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ ቆይታ።

«አዎ።»

«ፈርተህ ነው?»

«አዎ።»

«ማንን?»

«ሁላችሁንም።»

ይህን አሰበችበት። ትንሽ ፈቀቅ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ኪፓዬን በእጄ ይዤ፣ ገባሁ። ጠረጴዛው ሥር ጨለም ይላል፣ የቀለምና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አለው። አንገቴ ቢታጠፍም እዚያ ሆኖ ከላይ የሚሰማው ጫጫታ ያን ያህል አያስፈራም።

«አንተ ሞሬ ነህ?» አለችኝ።

አስተማሪዋ ሰሌዳው ፊት ሆና ሰምታ ሳቀች። «አይ ኖጋ፣ እሱ ሞሬ አይደለም። ሰያዕ ነው» አለች። ትክክል ናት። እኔም በልማዴ «ኧረ ምን ሞሬ ነኝ፣ የት ደርሼ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ኖጋ ግን ወደ አስተማሪዋ አልዞረችም። ዐይን ዐይኔን እያየች፣ እኔ የምነግራትን ልታምን ተዘጋጅታ ትጠብቀኛለች።

አንዴ ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ሞሬ ነኝ።»